ጭረትን መጠገንና ጭረትን መሸፈን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ዕውቀት ጥቅም፥ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ አገር ፍቅር ታላላቅ ነገሮችን አሰምተዋችኋል። የእኔ ርእስ ግን ትንሽና ዝቅ ያለ ነው፤ ይኸውም በአንድ ያገለገለ የጭነት መኪና ላይ ስለሚገኝ የቀለም ጭረት ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ፤ አልፈርድባችሁም። እኔም ቀድሞ ጭረት ማለት ትንሽ ነገር ይመስለኝ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ነገር ቤተ ሰቤን ምን ያህል እንዳስከፈለና ምን እንዳስተማረን ብታውቁ፥ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ በመንገድ ላይ የቆመ መኪና ስታዩ በሩን ዝቅ ብላችሁ ሳትመለከቱ የምታልፉ አይመስለኝም።

አባቴ ሾፌር ነው። ለብዙ ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፥ እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፥ ያጠራቀመውን ገንዘብ ከዘመድ በተበደረው ላይ ጨምሮ አንድ ያገለገለ አይሱዙ የጭነት መኪና ገዛ። ጊዜው ጥር ወር ነበር። በጥር የኮምቦልቻ ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ መኪናውም እንደ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጭ ቀለሙ ያብለጨልጭ ነበር። እናቴ ቡና አፈላች፤ ጎረቤትም ተሰብስቦ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለን። ልጆች ሁሉ ስፖንዳው ላይ ወጥተን ስንጨፍር ዋልን። ከዚያ ሁሉ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ የበሩን የታችኛውን ጠርዝ በእጁ የዳሰሰ አንድም ሰው አልነበረም።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። በመስከረም ወር አንድ ቀን ጧት አባቴ መኪናውን ሲያጥብ፥ ከጋቢናው በር ሥር ቀለሙ እንደሚፈላ ሽሮ ኩፍ ኩፍ ብሎ ተነሥቶ አገኘው። በጥፍሩ ቢነካው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰበረ። ከቀለሙ ሥር ውሃ የጠጣ ስቱኮ ወጣ፤ ከስቱኮውም ሥር ዝገት፥ ከዝገቱም ሥር ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ ተገኘ። የበሩ ብቻ አልነበረም፤ ፓራፋንጎውና የጋቢናው ወለልም እንደዚሁ ሆነው ተገኙ። በኋላ ጠይቀን እንደ ተረዳነው መኪናው ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ከአፋር፥ ከአፍዴራ፥ ጨው ሲያመላልስ የኖረ ነበር። ጨው ለወጥ መልካም ነው፤ ለላሜራ ግን ክፉ ጠላት ነው። የሸጠልን ሰው ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤ ምክንያቱም ስቱኮውን በቀዳዳው ላይ ያለበሰ እጅ ቀዳዳውን አይቶታል።

አባቴ በዚያን ቀን ምንም አልተናገረም። መጥረጊያውን ጨርቅ እንደ ያዘ ከመኪናው አጠገብ ለረዥም ጊዜ ቆሞ ነበር። መኪናው ለሁለት ወር ያህል ጋራዥ ውስጥ ቆመ፤ የበሰበሰው ላሜራ ተቆርጦ አዲስ ተበየደ። በእነዚያ ሁለት ወራት መኪናው አልሠራም፤ ዕዳው ግን ሥራውን አላቋረጠም።

እኔም ቀለምና ዝገት ምን እንደ ሆኑ ለማወቅ የፈለግሁት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። የኬሚስትሪ መምህራችን ስለ ዝገት ሲያስተምሩን የክፍል ጓደኞቼ በደብተራቸው ሲጽፉ እኔ የአባቴን መኪና አስብ ነበር። ብረት ከአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅንና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ዝገት ይሆናል። ውሃው ጨው የሟሟበት ከሆነ ደግሞ ሥራው ይፈጥናል። ዝገት ከተሠራበት ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ የሚይዝ ነገር ስለ ሆነ፥ ከቀለም ሥር ሲወለድ ቀለሙን ወደ ላይ እየገፋ ያነሣዋል። ኩፍ ኩፍ ማለቱም ከዚህ የተነሣ ነው። ቀለሙ ሲነሣ ተጨማሪ ውሃ ይገባል፤ ተጨማሪ ውሃ ሲገባ ተጨማሪ ዝገት ይወለዳል። ስለዚህ ዝገት በላዩ ቀለም ቢቀቡትም ሥራውን አያቆምም፤ የሚሠራው በስውር ይሆናል እንጂ።

እንግዲህ የመኪና ቀለም ለውበት ብቻ የተደረገ አይደለም፤ የብረቱ ልብስ ነው። ይህም ልብስ እጅግ ስስ ነው። ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ያሉት የቀለም ድርቦች ሁሉ ቢደመሩ ውፍረታቸው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ያህል ነው። አንድ ማይክሮን ደግሞ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከዚህ ስስ ልብስ ውስጥ ከሁሉ በታች ዝገት የሚከላከለው ድርብ፥ በላዩ መደልደያው፥ ከዚያም ዋናው ቀለም ይገኛል፤ በብዙ መኪናም ላይ ከሁሉ በላይ ቀለም የሌለው ጥርት ያለ ማብሪያ አለ። አንድ የግራር እሾህ ወይም በመንገድ የተፈናጠረ ኮረት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያልፈው ይችላል።

ባለፈው ዓመት መኪናችን ከአንድ መጋዘን ሲወጣ የግራ በሩ ከብረት መዝጊያው ጋር ተፋፍቆ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ጭረት ወጣበት። አባቴም በዚያን ጊዜ መኪናውን ሸጦ ዕዳውን ለመጨረስና ከወንድሙ ጋር በሽርክና ሌላ ለመግዛት ቈርጦ ነበር። ደላላው መጥቶ ጭረቱን አየና፥ «ይህማ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ስቱኮ ለቅለቅ፥ ቀለም ነፋ ነፋ ማድረግ ብቻ ነው። ገዢ የሚያየው የላዩን ነው» አለ። አባቴ መልስ አልሰጠውም። በማግሥቱ ግን መኪናውን ይዞ በመጀመሪያው ብልሽት ጊዜ ወደ ሠሩልን ቀለም ቀቢ አዛውንት ሄደ፤ ጊዜውም የትምህርት ዕረፍት ስለ ነበረ እኔን ለረዳትነት ሰጣቸው።

ጋሼ (እኔ የምጠራቸው እንዲህ እያልሁ ነው) ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ መመርመርን ነው። «ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አግድም አሳልፈው፤ ፍርዱን ጥፍርህ ይስጥ» አሉኝ። ጥፍር ሳይይዘው የሚያልፍ ከሆነ ጭረቱ የላይኛውን ድርብ ብቻ የነካ ነው፤ በማለስለሻ ቅባትና በንጹሕ ጨርቅ በትዕግሥት ቢታሽ ይጠፋል፤ ቀለም መቀባት አያስፈልገውም። ጥፍር ከያዘው ግን ጠልቋል። በውስጡ ብረቱ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሳይዘገይ መታከም አለበት። ብረቱ ቡናማ ሆኖ ከታየ ደግሞ ዝገቱ ጀምሯልና አስቀድሞ እርሱን መንቀል ግድ ነው። የእኛ ጭረት ከዳር ዳሩ ቀላል፥ መካከሉ ግን ብረት ድረስ የዘለቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሩን በሳሙናና በውሃ አጥበን አደረቅነው። ቅባትና ግራሶ በላዩ እንዳይቀርም በንጹሕ ጨርቅ በቲነር ጠረግነው፤ ቅባት ባለበት ላይ የተቀባ ቀለም አይይዝምና። ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀት መጣ። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥሩ እያደገ ሲሄድ አሸዋው እየደቀቀ ይሄዳል። በ180 ጀምረን፥ የዛገው ሁሉ እስኪለቅና ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ፈተግነው። ከዚያም በ320 የቀለሙን ጠርዝ ሰፋ አድርገን አሳሳነው። ጋሼ ዓይኔን አስጨፍነው በእጄ አስዳሰሱኝ፤ «ጣትህ ደረጃ ካገኘ፥ ነገ የገዢው ዓይንም ያገኘዋል» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አገኘሁት፤ ሦስት ጊዜም መለሱኝ። እንዲያውም በአንደኛው ጊዜ ብስጭት ብዬ «ቀለሙ ሲቀባ ይሸፈን የለም?» ብል፥ «ቀለም አይሸፍንም፤ ያጋልጣል» አሉኝ። እውነትም የሚያብለጨልጭ ቀለም በላዩ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ስለሚመልስ፥ ከሥሩ ያለውን ጉድለት አጉልቶ ያሳያል።

ብረቱ ራቁቱን ሳለ ውሃ አላስነኩትም፤ ሌሊትም አላሳደሩትም። በዚያው ቀን ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ቀቡት። ስቱኮን በተመለከተ ደላላው እንዳሰበው አይደለም፤ ስቱኮ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ጥቂት ለጎደጎደ ቦታ፥ በንጹሕና በጠንካራ ብረት ላይ፥ በስሱ ከተቀባ ጥሩ መድኃኒት ነው። ማጠንከሪያው ከስቱኮው መቶ እጅ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ይሆናል፤ ካነሰ አይደርቅም፥ ከበዛም በኋላ በቀለሙ ላይ እድፍ ያወጣል። በዝገትና በቀዳዳ ላይ የተለሰነ ስቱኮ ግን እንደ ስፖንጅ ውሃ እየሳበ ብረቱን ከውስጥ ያስበላዋል። ያገለገለ መኪና ለመግዛት የምትሄዱ ወላጆች፥ አንዲት ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ በላሜራው ላይ እያስነካችሁ ሂዱ። ማግኔት ላሜራን ይይዛል፤ ወፍራም ስቱኮ ባለበት ግን አይይዝም፥ ወይም ልል ብሎ ይይዛል። ይህች የጥቂት ብር ዕቃ አባቴን ከብዙ ጉዳት ባዳነችው ነበር።

በሩ ለቀለም ሲዘጋጅ መስተዋቱንና መያዣውን በጋዜጣና በወረቀት ፕላስተር ሸፈንን። ጓደኞቼ፥ ይህ ተራ ፕላስተር የራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ሪቻርድ ድሩ የተባለ አንድ ወጣት የብርጭቆ ወረቀት ለሚሠራ ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ድርጅቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. በውሃ እየነከሩ የሚፈትጉበትን የብርጭቆ ወረቀት አውጥቶ ነበር፤ ይህም የቀለም ብናኝ ወደ ሠራተኛው ሳምባ እንዳይገባ ብዙ ረድቷል። ወጣቱ ወረቀቱን ለማስሞከር ወደ መኪና ቀለም ቤቶች ሲመላለስ፥ ቀቢዎቹ መኪናን በሁለት ዓይነት ቀለም ሲቀቡ የለጠፉት ነገር ሲላጥ ቀለሙን ይዞ እየተነሣ ሲያስመርራቸው ተመለከተ። ሥራው ወረቀት ማስሞከር ብቻ ነው ብሎ አላለፈም፤ ብዙ ሞክሮ በ1925 ዓ.ም. ቀለም ሳይነቅል የሚላጠውን ፕላስተር አወጣ። የሰውን ችግር ቀርቦ ማየት የፈጠራ መጀመሪያ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ወደ በሩ ልመለስ። ነጭ ቀለም ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ አለ፥ ወደ ሰማያዊ የሚያደላም አለ። በፀሐይ የኖረ ነጭ ደግሞ ከፋብሪካ እንደ ወጣው አይደለም። ስለዚህ ጋሼ ቀለሙን ከበጠበጡ በኋላ በካርቶን ላይ ነፍተው፥ ሲደርቅ ከበሩ አጠገብ በቀን ብርሃን እየያዙ አስተያዩት። ጠብታ ቢጫና ጠብታ ጥቁር እየጨመሩ አራት ካርቶን ፈጁ። ከዚያም በኮምፕሬሰር በስሱ ነፉት፤ እያንዳንዱ ድርብ ጥቂት ደቂቃ ጠፈፍ ካለ በኋላ ሌላ ደረቡበት። ወፍራም አድርጎ በአንድ ጊዜ መንፋት ቀለሙ እንደ እንባ እንዲወርድ ያደርጋልና። ዳር ዳሩንም ቀስ በቀስ እያሳሱ ከአሮጌው ቀለም ጋር አዋሐዱት።

እዚህ ላይ ለጓደኞቼ አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቀለሙ ሲነፋ ጋሼ ከግቢው እንድወጣ አዘዙኝ። ማጠንከሪያ የሚጨመርባቸው የዛሬ ቀለሞች ብዙዎቹ ኢሶሳያኔት የሚባል ነገር አለባቸው፤ ይህም ሳምባን ይጎዳል፥ የአስም በሽታንም ያመጣል። ነጠላ ወይም መሐረብ አፍ ላይ ማሰር አይከላከለውም፤ ተራው የአቧራ መሸፈኛም እንደዚሁ። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ያስፈልጋል። ጋሼ ይህን ጭንብል የገዙት በስተርጅና ነው፤ በወጣትነታቸው በመሐረብ ብቻ ይነፉ ነበር። ዛሬ ጥቂት ደረጃ ሲወጡ ቆመው ያስላሉ። «መኪናውን ከዝገት ሳድን የራሴን ውስጥ አስዛግኩት» ብለውኛል። በየጋራዡ ያለ መከላከያ የሚሠሩ የእኛ ዕድሜ ልጆች አሉና ይህን ቃል ለሁላችሁም አደራ አስተላልፋለሁ።

ምናልባት «ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ያድርግ?» የሚል ይኖራል። ጋሼንም ጠይቄያቸው ነበር። መልሳቸው አጭር ነው፤ ጭረቱን አጽዳ፥ ዝገቱን ፈትገህ አንሣ፥ አንቲረስት በትንሽ ብሩሽ ቀባ፥ ሲደርቅም የሚቀርበውን ቀለም ደርብበት። መልኩ አያምርም፤ ነገር ግን ውሃ አያስገባም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ዛሬ በትንሽ ብሩሽ የሚዳን በር ነገ በብየዳም አይመለስም።

አሁን ወደ ፍጻሜው ልድረስ። በሩ አምሮ ወጣ፤ ገዢም ተገኘ። ሰውዬው ከደላላው ጋር መጥቶ መኪናውን ዞሮ አየ፤ ወደደውም። ዋጋው ተቆርጦ እጅ ሊመታ ሲል አባቴ፥ «ቆይ ወንድሜ፤ ና ላሳይህ» አለው። ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ጀምሮ የተቆረጠውንና የተበየደውን ቦታ ሁሉ በጣቱ እያመለከተ አሳየው። መኪናው ጨው ይጭን እንደ ነበር ነገረው፤ አዲስ የተቀባውንም በር አሳየው። ደላላው የአባቴን እጅጌ ከኋላ ይጎትት ነበር። ሰውዬው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና ከተስማሙበት ዋጋ ላይ 30,000 ብር ቀነሰ። አባቴም ተቀበለ።

እኔ በዚያን ቀን ተቆጥቼ ነበር፤ ይህን በእናንተ ፊት አልደብቅም። ያ ገንዘብ የቤታችንን ጣሪያ ለመለወጥ የታሰበ ነበር። ጣሪያው ስላልተለወጠ በዚያ ክረምት አፈሰሰ፤ እናቴም ማታ ማታ ከሥሩ ባልዲ ታስቀምጥ ነበር። አንድ ሌሊት ጠብታውን እየሰማሁ መተኛት አቅቶኝ፥ «አባባ፥ ሥራው እኮ በደንብ የተሠራ ነበር፤ ለምን ነገርከው?» አልሁት። አባቴም፥ «በደንብ ስለ ተሠራ ነው የነገርኩት። ባይሠራ ኖሮ አፌን ሞልቼ መናገር እችል ነበር? ደግሞስ ያን መስከረም መኪናው አጠገብ ቆሜ አላየኸኝም?» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ጣሪያው በጥር ወር ተለወጠ።

ክቡራን ሆይ፥ በመጠገንና በመሸፈን መካከል ያለውን ልዩነት የተረዳሁት ከዚህ መልስ ነው። ሁለቱም ቀለም ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም ስቱኮ ይጠቀማሉ፤ ሥራው ባለቀ ዕለት ሁለቱም አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ነገር ግን የጠገነ ሰው የሠራውን ሊናገር ይችላል፤ የሸፈነ ሰው ሊናገር አይችልም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደ ተባለው፥ የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ ሁለቱ ይለያያሉ። እኛ ተማሪዎችም ያልገባንን ትምህርት ከጓደኛችን ደብተር ገልብጠን ለፈተና ዕለት ብናስመስለው በዝገት ላይ ስቱኮ ለሰንን ማለት ነው። በክፍል ውስጥ እጃችንን አውጥተን «መምህር፥ ይህ አልገባኝም» ብንል ግን ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ፈተግን ማለት ነው፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላልና።

ያ መኪና ዛሬም በከተማችን መንገድ ያልፋል። ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዳንድ ቀን አየዋለሁ። በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ጊዜ፥ በግራ በሩ ላይ፥ ከቀሪው ነጭ በጥቂቱ የሚለይ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ቦታ አለ። ሌላ ሰው የሚያየው አይመስለኝም። ክረምት አልፎበታል፤ ኩፍ አላለም።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን እንዲኖርልን፥ መምህራኖቻችንም እኛን ያለ መሰልቸት የሚፈትጉበት ጤናና ትዕግሥት እንዲሰጣቸው በመመኘት ንግግሬን እፈጽማለሁ።